የአንድ ሰዓት ከሩብ መንገድ

ሐሙስ ግንቦት አሥራ አራት ቀን፣ ከቀኑ ስድስት ሰዓት ላይ፣ አዲስ አበባ ዳር ፉሪ በአቶ ዋቅቶላ ግቢ ከላሞቹ በረት ኋላ አምስት ሰዎች ተቀምጠው ነበር። የእድሩ ዳኛ ጋሽ ጉርሜሳ፣ የቤተ ክርስቲያኑ ሽማግሌ ኤልያቄም፣ የእድሩን ሴቶች የምታስተባብረው ጎረቤት ውብነሽ፣ የሟች ባለቤት ወይዘሮ ገዲሴ፣ እንዲሁም የሟች የወንድም ልጅ ቢሊሱማ።

አቶ ዋቅቶላ ያረፉት በዚያው ቀን ጠዋት አራት ሰዓት ላይ ነው። ላሞቹ ታልበው፣ የጀሞ ደንበኞች ወተታቸውን ወስደው፣ እሳቸውም ቁርስ ቀምሰው ጋደም እንዳሉ አልተነሡም። ስኳር ለዓመታት ሲያንገላታቸው ኖሯል፤ ቢሆንም ሞት መቼም ሲመጣ አዲስ ነው። አምስቱ ሰዎች ከበረቱ ኋላ የተሰበሰቡት ለቅሶው ከመፈንዳቱ በፊት ሁለት ነገር ለመወሰን ነበር፤ የቀብሩን ሰዓትና የገላኔን ጉዳይ።

ገላኔ የአቶ ዋቅቶላ አንዲት ልጅ ናት። ጅግጅጋ ውስጥ በአንድ ሆስፒታል የላቦራቶሪ ባለሙያ ሆና መሥራት ከጀመረች አራት ዓመቷ ነው።

«ይኼ ጅግጅጋ የሚሉት አገር ስንት ቀን ያስኬዳል?» አሉ ጋሽ ጉርሜሳ።

አቶ ዋቅቶላ ራሳቸው አንድ ጊዜ በአውቶቡስ ሄደው፣ ሐረር አድረው፣ በሁለተኛው ቀን ደርሰው ነበር። ሲመለሱ «ልጄን ፀሐይ መውጫ ድረስ ነው የሸኘኋት» እያሉ ለሳምንት ያህል ወገባቸውን ይዘው ከረሙ።

ቢሊሱማ ሰው በተሰበሰበበት መናገር የማይወድ፣ ሲናገርም መሬት መሬት የሚያይ ሰው ነው። ሠላሳ ሁለት ዓመቱ ነው፤ ላፍቶ ውስጥ የአሉሚኒየም በርና መስኮት ይሠራል። በዚያች ሰዓት ግን ስልኩን አወጣና ፈለገ፤ ያገኘውንም ሳያስበው ድምፁን ከፍ አድርጎ አነበበው።

«በመኪና ከስድስት መቶ ኪሎ ሜትር በላይ ነው። በአየር ግን አራት መቶ አርባ። በረራው አንድ ሰዓት ከሩብ ይፈጃል። ከዚያ በቀን ሁለት ጊዜ ይነሣል፤ ጠዋት ሦስት ተኩልና ከሰዓት አሥር ሰዓት ላይ።»

«አንድ ሰዓት ከሩብ!» ውብነሽ ነጠላዋን ከአፏ ላይ አነሣች። «እኔ ትናንት ከሜክሲኮ ጀሞ ለመግባት ሁለት ሰዓት ቆሜያለሁ፤ ያውም በአንድ እግሬ።»

ኤልያቄም ሊስቅ ነበር፤ ወይዘሮ ገዲሴን አየና ተወው።

«እንግዲያማ ጎረቤት ናት» አሉ ጋሽ ጉርሜሳ፤ እፎይ ብለው ከዘራቸውን ከአንዱ ጉልበት ወደ ሌላው አዛወሩት። «እኔ ስንት ቀን ሬሳ ልናቆይ ነው ብዬ ተጨንቄ ነበር።»

ያቺ ቁጥር የሁሉንም ትከሻ አቀለለች። ነገሩ ከዚያ በኋላ አላከራከረም። ቀብሩ በነጋታው ዓርብ ከቀኑ ሰባት ሰዓት ላይ ይሆናል። ለሰበታና ለሆለታ ዘመዶች አሁኑኑ ይደወላል። ገላኔ ደግሞ ዛሬ በአሥር ሰዓቱ በረራ ትመጣለች። ግን የአባቷን መሞት አሁን አትሰማም። መርዶ በስልክ አይነገርም። አባትሽን ትንሽ አሞታል ትባላለች፤ ማታ ስትገባ ወደ ግቢው ሳትመጣ ዘመዷ ኮርሳ ቤት ታድራለች፤ ጎሕ ሲቀድ ሽማግሌዎችና ሴቶች ሄደው ያረዷታል።

«ማን ይደውልላት?» አለ ኤልያቄም።

ሁሉም ወደ ቢሊሱማ ዞሩ። ቢሊሱማ አባቱ የሞተበት በስድስት ዓመቱ ነው፤ ያደገው እዚሁ ግቢ ውስጥ ከገላኔ ጋር ነው። አጎቱን እሱም እንደ እሷ «አባባ» ነበር የሚላቸው። እሱ ከደወለ አትጠረጥርም ተባለ። ተነሥቶ ወደ አጥሩ ጥግ ሄደ። ስልኩ ሁለት ጊዜ እንኳ ሳይጠራ ተነሣ።

«ቢሌ! ዛሬ ፀሐይ በየት ወጣች? አንተም ስልክ ትደውላለህ?»

«ገላኔ… ሥራ ላይ ነሽ?»

«ምሳ እየበላሁ ነው። ምን ሆነሃል? ድምፅህ የታነቀ ዶሮ መሰለ እኮ።»

«አባባን… ትንሽ አሞታል።»

የማንኪያው ድምፅ ቆመ። «ስኳሩ ነው?»

«አዎ።»

«ለካችሁት? ስንት አለ?»

ቢሊሱማ ይህን ጥያቄ አልጠበቀም። በሙያው ለካኸው ሲሉት ቁጥር መመለስ ልማዱ ነው። ደግሞም እንዳትደነግጥ ተብሏል። «ሁለት መቶ አርባ» አለ።

«ኡፍ! አስደነገጥከኝ እኮ!» ገላኔ በረዥሙ ተነፈሰች። «ያ ለእሱ ደህና ነው። ባለፈው ሦስት መቶ አልፎ ላሞቹን ሲያልብ ነበር የዋለው። ስጠኝ እስቲ ላናግረው።»

«ተኝቷል።»

«ይተኛ በቃ፣ አትቀስቅሱት።»

«እነ ጋሽ ጉርሜሳ ግን… ዛሬ ብትመጪ ብለዋል። በአሥር ሰዓቱ።»

«አሁንም ልትጫወቱብኝ ነው? በጥቅምት እንዲሁ ብላችሁኝ ሥራ ጥዬ ብመጣ፣ አባባ በሩ ላይ ቆሞ ‹ማን ሞተ ብለሽ ነው የመጣሽው?› ብሎ አልሳቀብኝም? ዛሬ ሰው የለንም፤ ማታም ተረኛ ነኝ። ነገ በአሥሩ እመጣለሁ። ከባሰበት ወዲያው ደውልልኝ፤ እደርሳለሁ። አንድ ሰዓት ከሩብ እኮ ነው ቢሌ! አንተ ከላፍቶ ፉሪ ለመግባት ከዚያ በላይ ትሰለፋለህ።»

«ነገ ጠዋት ብትመጪ…»

«በአሥሩ አልኩህ። እሺ ቻው፣ ምሳዬ ቀዘቀዘ። አባባን ሳምልኝ።»

ስልኩ ተዘጋ።

ቢሊሱማ ተመልሶ የሆነውን ሲናገር ጋሽ ጉርሜሳ ፊታቸው ጠቆረ። «ነገ በአሥር? ቀብሩ በሰባት እኮ ነው። ለምን አላስቸኮልካትም?»

«ምን ብዬ?»

ኤልያቄም ጉሮሮውን ጠረገና ቀብሩን ወደ ቅዳሜ ስለ ማዛወር አነሣ። ሬሳውን ሆስፒታል በረዶ ቤት አሳድሮ ማቆየት ይቻላል አለ። ወይዘሮ ገዲሴ ቀና አሉ።

«በረዶ ቤት አይገባም» አሉ። «አደራ ብሎኛል። ‹ከቤቴ አውጥታችሁ ወደ መሬቴ እንጂ ወደ ሌላ እንዳትወስዱኝ› ብሎኛል። የሰው አደራ አልበላም።»

ለዘመዶቹም እስከዚያ ተደውሏል፤ የሰበታዎቹ መንገድ ጀምረዋል። ጋሽ ጉርሜሳ መሬቱን በከዘራቸው ጫር ጫር አደረጉት። «የቅርብ ጠበል ልጥ ይነከርበታል ማለት ይኼ ነው» አሉ በመጨረሻ። «አገሩ ሩቅ ቢሆን ኖሮ ዛሬውኑ ተነሥታ ነበር። እንግዲህ ምን ይደረግ፣ ለቅሶውን ትደርሳለች።»

ወይዘሮ ገዲሴ ተነሥተው ወደ ቤት ሄዱ። በሩ ላይ ደርሰው ዞር አሉ፤ ያዩት ጋሽ ጉርሜሳን ሳይሆን ቢሊሱማን ነበር። ከዚያ ገቡ፤ ወዲያው የሴቶቹ ለቅሶ ተሰማ።

ቢሊሱማ ጋሽ ጉርሜሳን ብቻቸውን ያገኛቸው የድንኳኑ ቦታ ሲጠረግ ነው።

«ጋሼ፣ ልንገራት?»

«በስልክ?»

«አሁን ብነግራት የአሥር ሰዓቱን ትደርስበታለች።»

ሽማግሌው እጁን ይዘው ወደ ጥላው ወሰዱት። «የእኔን ወንድም ሞት የሰማሁት እንዴት እንደሆነ ታውቃለህ? ታክሲ ውስጥ ነው። ከላፍቶ ወደ ሳሪስ ስሄድ። አንዱ የማይረባ ደውሎ ‹ጋሽ ጉርሜሳ እግዜር ያጽናዎት› አለኝ። አሥራ አምስት ሰው ተጠቅጥቆ ተቀምጧል። ማንን ልያዝ? የማን ደረት ላይ ልደፋ? ረዳቱ ‹አባት፣ ወራጅ ነዎት?› ይለኛል። ‹አዎ› አልኩና ወረድኩ። የት እንደወረድኩ እስከ ዛሬ አላውቀውም። ለቅሶ የሚይዝ ሰው ይፈልጋል፣ ልጄ። ያቺ ልጅ እዚያ ማን አላት? መርማሪ መሣሪያ ፊት ቆማ ትስማው? አይሆንም።»

ሽማግሌው የተናገሩት እውነት ነው። ገላኔ አባቷን ሳታይ ልትቀር መሆኑም እውነት ነው። ሁለቱን እውነት የሚያስታርቅበት አፍ አልነበረውም።

የድንኳን ማሰሪያ ብረት ለማምጣት ወደ ላፍቶ ወረደ። ሱቁን ከፍቶ ከተቆረጡት መስታወቶች አጠገብ ዱካ ላይ ተቀመጠ። ሥራ በጀመረበት ዓመት አንድ ስሕተት ሠርቶ ነበር። የመስኮቱን ቀዳዳ ለካ፤ በትክክል ለካ፤ በዚያው ልክ መስታወት ቆረጠ። ሊገጥም ሲል መስታወቱ አልገባም። ልኩ አልተሳሳተም፤ የፍሬሙን ውፍረት ነበር የረሳው። አሠሪው ሳቀና «የለካኸው ባዶውን ነው፤ ሰው ግን የሚገጥመው ባዶው ውስጥ ሳይሆን ፍሬሙ ውስጥ ነው» አለው።

ዛሬም ያደረገው ያንኑ ነው። አንድ ሰዓት ከሩብ ብሎ ነገራቸው፤ ቁጥሩ ትክክል ነው። ነገር ግን አውሮፕላን የሚለካው ከአንዱ ሜዳ እስከ ሌላው ሜዳ ነው። አባትን አሞታል ተብሎ እስከ መነሣት ያለውን መንገድ አይለካም። አይዞሽ ደህና ነው በሚለውና ደርሰሽ እዪው በሚለው መካከል ያለውንም አይለካም። ይባስ ብሎ ያቺ አጭር ቁጥር ሁሉንም አዘናጋች። ሽማግሌዎቹ ቅርብ ናት ብለው እውነቱን ደበቁ፤ ገላኔም ቅርብ ነኝ ብላ ቀረች። እሱም ያላየውን ሁለት መቶ አርባ ጨመረበት።

ስልኩን አየ። አሥር ሰዓት ሆኗል። ጅግጅጋ ላይ አውሮፕላኑ ያለ ገላኔ ሊነሣ ነው።

ማን አላት እዚያ? የጋሽ ጉርሜሳ ጥያቄ ጆሮው ውስጥ ቀርቷል። ሽማግሌው የተናገሩት አይሆንም ለማለት ነበር፤ ቢሊሱማ ግን እንደ ጥያቄ አሰበው። ማን አላት? ያን ጊዜ አንድ ስም ትዝ አለው። ዓምና ገላኔ ወባ ይዟት በተኛች ጊዜ ቤት ያከራዩዋት ሴትዮ ከስልኳ ላይ ቁጥሩን አግኝተው ደውለውለት ነበር። ሐሚዳ ይባላሉ። «አይዞህ፣ እኔ እናቷ እዚህ አለሁ» ብለውት ነበር። ቁጥራቸውን መዝግቦታል።

ከማያውቀው ሰው ጋር በስልክ መነጋገር ለቢሊሱማ ጣራ ላይ ከመውጣት ይብስበታል። ለደንበኛ እንኳ የሚደውለው ሦስት ጊዜ ተለማምዶ ነው። አሁን ግን አልተለማመደም።

«አቤት፣ ማን ልበል?»

«እኔ… ቢሊሱማ ነኝ። የገላኔ ዘመድ። ከአዲስ አበባ።»

«እሰይ! ደህና ነህ ልጄ? ገላኔ እንኳ ገና ከሥራ አልገባችም።»

«እርስዎን ነው የፈለግሁት።»

ወይዘሮ ሐሚዳ ዕድሜ ያስተማራቸው ሴት ናቸው፤ ከዚህ በላይ አላስለፉትም። ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። «አባቷ ናቸው?»

«አዎ።»

«ኢንና ሊላሂ ወኢንና ኢለይሂ ራጂዑን» አሉ። «ቀብሩ መቼ ነው?»

«ነገ በሰባት ሰዓት።»

«እሷ አታውቅም?»

«አታውቅም። ትንሽ አሞታል ብለናት ነው… እኔ ነኝ ያልኳት። ነገ በአሥር ሰዓት ልትመጣ ነው። አትደርስም። እና እኔ… እርስዎ ምናልባት…»

«ተው፣ እኔን አትለምነኝ» አሉ ሴትዮዋ። «እኛም ዘንድ እንደዚሁ ነው፤ ሰው መርዶውን ብቻውን አይሰማም። ዛሬ ማታ ተረኛ ናት፤ ሌሊቱን አትረበሽ። የማለዳው የሱብሒ ሶላት እንዳበቃ ስትገባ ጎረቤቶቼን ይዤ እጠብቃታለሁ። አብራት የምትሠራ ቤተልሄም የምትባል ልጅ አለች፤ እሷንም እጠራታለሁ፤ በእናንተ ጸሎት የሚጸልይላት ሰው አብሮን ይሁን። ከዚያ ለጠዋቱ በረራ እናደርሳታለን። ብቻዋንም አትሄድም፤ ባለቤቴ ኢድሪስ ይዟት ይመጣል።»

«እስከዚህ ድረስ?»

«ምን አለበት? አንድ ሰዓት አይደል የምትሉት?»

ቢሊሱማ ስልኩን ዘግቶ ብረቶቹን ተሸከመ። ግቢው ሲደርስ ለጋሽ ጉርሜሳ ሊናገር ሁለት ጊዜ ቀረባቸው፤ ሁለት ጊዜም ሰው መጣ። ለሦስተኛ ጊዜ አልቀረበም። እውነቱን ለመናገር ሰውየውን ፈርቷቸው ነበር። የእድር ዳኛ የወሰኑትን ነገር ከኋላቸው ሄዶ ሽሯል።

ዓርብ ጠዋት አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ ስልኩ ጮኸ። ከወይዘሮ ሐሚዳ ኋላ የሴቶች ድምፅ ይሰማል። «አርድተናታል» አሉ። «ይዘናታል። በጣም አለቀሰች። አሁን ትንሽ ውኃ ጠጣች።»

ጋሽ ጉርሜሳ ድንኳኑ ሥር ወንበር እያስደረደሩ ነበር። ቢሊሱማ ፊታቸው ቆመና መሬቱን እያየ ሁሉንም ነገራቸው። ከነሁለት መቶ አርባው።

«ያለ ሽማግሌ?» አሉ ሽማግሌው። ድምፃቸው ከፍ አላለም፤ ያ ደግሞ ከቁጣ ይብሳል። «ሽማግሌ ያልቆመበት መርዶ?»

«እዚያም ሽማግሌ አለ ጋሼ።»

ቢሊሱማ ራሱ የተናገረው ነገር አስደነገጠው። ጋሽ ጉርሜሳ የያዙትን ወንበር አስቀመጡና ተቀመጡበት።

«በስንት ሰዓት ነገሯት?»

«ጎሕ ሲቀድ። ከሶላታቸው በኋላ።»

«ማን ያዛት?»

«አከራይዋ ወይዘሮ ሐሚዳ፣ ሌሎች ሦስት ሴቶችም አሉ። አንዷ የሥራ ጓደኛዋ ናት፤ ጸልያላታለች።»

«ውኃ ሰጧት?»

«ጠጥታለች።»

«ብቻዋን ነው የምትሳፈረው?»

«አይደለም። አንድ ሽማግሌ ይዘዋት ይመጣሉ።»

ጋሽ ጉርሜሳ የጎደለ ነገር እንደሚፈልግ ሰው ጥቂት አሰቡ፤ አላገኙም። «ኮርሳን ቀስቅሰው» አሉ ተነሥተው። «ቦሌ ሄዳችሁ ጠብቁ። ሰባት ሰዓትን እኔ እይዘዋለሁ።»

ኮርሳ የሁለቱም ዘመድ ነው፤ በቤት መኪናው ሰው በማመላለስ ይተዳደራል። ነገሩን ሲሰማ መሪውን እንደያዘ ወደ ቢሊሱማ ዞረ። «አንተ? አንተ የማታውቃት ሴትዮ ጋ ደውለህ? እኔ እኮ መንገድ ላይ ቤንዚን ቢያልቅብህ ሰው ከመጠየቅ በእግርህ የምትመለስ ነበር የምትመስለኝ!»

«ወደ ፊትህ እይ» አለው ቢሊሱማ።

አውሮፕላኑ ከጅግጅጋ የተነሣው ሠላሳ አምስት ደቂቃ ዘግይቶ ነው። አምስት ሰዓት ከሃያ ላይ አረፈ። ገላኔ ስትወጣ ቢሊሱማ መጀመሪያ አላወቃትም። ጥቁር ነጠላ ለብሳለች፤ ዓይኗ አብጧል፤ በአንድ ጀምበር የእናቷን ፊት ይዛለች። አጠገቧ ነጭ ኮፍያ ያደረጉ ቀጭን ሽማግሌ፣ የወይዘሮ ሐሚዳ ባለቤት ጋሽ ኢድሪስ፣ የእሷን ቦርሳ ይዘው በቀስታ ይራመዳሉ። ኮርሳ አቅፏት አለቀሱ። ከቢሊሱማ ጋር ግን አልተያዩም። ፊት ወንበር ላይ ገብታ ተቀመጠች፤ እሱ ከጋሽ ኢድሪስ ጋር ከኋላ ሆነ።

ሳሪስ ሲደርሱ መንገዱ ተዘጋ። የጭነት መኪናዎች ተደርድረዋል፤ ሚኒባሶች በእግረኛው መንገድ ሊያልፉ ይጋፋሉ። ስድስት ሰዓት ተኩል ሆኗል።

«ሁለት መቶ አርባ ያልከኝ ከየት አምጥተህ ነው?» አለች ገላኔ። ወደ ኋላ አልዞረችም።

ቢሊሱማ ከንፈሩን ነከሰ። «ከራሴ።»

«ባትለካው አልለካንም አትለኝም?»

«እንዳትደነግጪ ብዬ ነው።»

«ብደነግጥ እመጣ ነበር።» ድምፏ ተሰበረ። «በአሥር ሰዓቱ እመጣ ነበር ቢሌ። ሌሊቱን አጠገቡ አድር ነበር። እጁን ይዤ አድር ነበር። እኔ የሰው ደም እየመረመርኩ አደርኩ።»

ኮርሳ «ገላ፣ እሱ እኮ ነው…» ብሎ ሊጀምር ሲል ቢሊሱማ ከኋላ ትከሻውን ነካው። ኮርሳ ተወው። ቢሊሱማ ለወይዘሮ ሐሚዳ የደወለው እሱ መሆኑ እንዲነገርለት አልፈለገም። የነገራት ነገር ውሸት ነበር፤ በኋላ የሠራው ሥራ ያችን ሌሊት መልሶ አያመጣትም። አንዱ ልክ ሌላውን አይሞላውም፤ ይህን በሙያው ያውቀዋል።

ጋሽ ኢድሪስ በመስኮት እያዩ ነበር። በዕድሜያቸው አውሮፕላን ሲሳፈሩ የመጀመሪያቸው ነው። «አውሮፕላኑስ ወንበሬን ሳላሞቀው ነው ያረፈው» አሉ ለራሳቸው እንደሚናገር ሰው። «መንገድ የሚባለውስ ይኼ ነው።» ከዚያ ወደ ፊት ጎንበስ ብለው እጃቸውን በገላኔ ትከሻ ላይ አኖሩ። «አልቅሺ ልጄ፣ እዚያ ላይ ስታፍኚው ነበር። አሁን ምድር ላይ ነሽ።»

ገላኔ ፊቷን በነጠላዋ ሸፍና አለቀሰች። ኮርሳ ክላክሱን አንድ ጊዜ ረዥም አድርጎ ነፋና የሚያሳልፈው ሲያጣ ተወው።

ሰባት ሰዓት ከአምስት ላይ ኤልያቄም ደወለ። «የት ናችሁ?»

«ሃና ማርያም እየደረስን ነው» አለ ቢሊሱማ።

«ፓስተሩ እንጀምር እያሉ ነው። ከቀብሩ ቦታም እየደወሉ ነው። ጋሽ ጉርሜሳ በር ላይ ቆመው ማንንም አላስወጣም ብለዋል። ዘመዶቹ ማጉረምረም ጀምረዋል፤ ፍጠኑ።»

ሰባት ሰዓት ከሃያ አምስት ላይ መኪናው ግቢው በር ደረሰ። ጋሽ ጉርሜሳ እውነትም በሩ መካከል ከዘራቸውን ተክለው ቆመው ነበር። ጃኬታቸው በላብ ርሷል። መኪናዋን ሲያዩ ወደ ጎን ሆኑ። ሴቶቹ ገላኔን ተቀበሏት፤ ውብነሽ ከአንድ ወገን፣ ሌላ ጎረቤት ከሌላ ወገን ይዘው ወደ ድንኳኑ አስገቧት። የሬሳ ሣጥኑ ገና አልተዘጋም። ወይዘሮ ገዲሴ ከአጠገቡ ተነሥተው ቦታውን ለቀቁላት። ገላኔ ተንበርክካ የአባቷን እጅ ያዘች። ፓስተሩም መጽሐፋቸውን ዘግተው ጠበቁ።

ቢሊሱማ ከበሩ አልገባም። ጋሽ ኢድሪስ ቦርሳውን እንደያዙ የት እንደሚቆሙ ጠፍቷቸው ዙሪያውን ሲያዩ ጋሽ ጉርሜሳ ቀረቧቸው። ሁለቱ ሽማግሌዎች ተያዩ።

«እርስዎ ነዎት ያረዷት?» አሉ ጋሽ ጉርሜሳ።

«ሴቶቹ ናቸው። እኔ መንገዱን ነው የያዝኩት።»

«መንገዱ ይበልጣል» አሉ ጋሽ ጉርሜሳ። ቦርሳውን ተቀብለው ለአንዱ ሰው ሰጡ፤ የሰውየውን ክንድ ይዘው የፊተኛው ረድፍ ላይ፣ ለራሳቸው ካስቀመጡት ወንበር አጠገብ አስቀመጧቸው። ከዚያ ወደ በሩ ተመልሰው ቢሊሱማ አጠገብ ቆሙ።

«ትናንት ላፍቶ ከመውረድህ በፊት ልጠይቅህ ይገባኝ ነበር» አሉ ሽማግሌው። «ስንት ሰዓት እንደሚፈጅ ጠየቅሁህ እንጂ ማን እንዳላት አልጠየቅሁህም።»

«ጠይቀውኛል ጋሼ።»

«እኔ?»

«አዎ።»

ሽማግሌው መቼ እንደጠየቁ ለማስታወስ ሞከሩ፤ አልመጣላቸውም። ሣጥኑ ሲነሣ ሁለቱም ከኋላው ተከተሉ።

አቶ ዋቅቶላ ዓርብ ግንቦት አሥራ አምስት ቀን ከስምንት ሰዓት ጥቂት አልፎ ተቀበሩ። ጋሽ ኢድሪስ ቅዳሜ ወደ ጅግጅጋ ተመለሱ። ድንኳኑ እሑድ ተነሣ። ገላኔ እስከ ረቡዕ ድረስ ከእናቷ ጋር ቆይታ በከሰዓቱ በረራ ሄደች፤ ቦሌ ያደረሳት ቢሊሱማ ሳይሆን ኮርሳ ነው።